ስለ ጣና ደሴቶች ትምህርት ቤትና ስለ ፎገራ እህል

ደሴት ማለት በውኃ የተከበበ ምድር ማለት ነው። ይህን ቃል ለወረታና ለፎገራ ሰው መተርጐም ለአናጢ መጥረቢያን እንደ መተርጐም ያለ ነው። ርብና ጉማራ ከላይ ሞልተው፥ ጣናም ከታች ገፍቶ በመጣ ጊዜ ናበጋና ዋገጠራ፥ ቅድስት ሐናና ሺና በነሐሴ ወር ራሳቸው ደሴት ይሆናሉና። በ1998 ዓመተ ምሕረት ክረምት ወንዞቹ ከአፋቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅሉ ያየ ሰው፥ በ2012 ዓመተ ምሕረት መጨረሻም ያው መከራ ሲመለስ የተመለከተ ሰው፥ የደሴት ኑሮ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

እንግዲህ ደሴት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ዳጋ፥ እንደ ክብራን፥ እንደ ሬማ፥ እንደ ደቅ ዓመቱን ሁሉ በባሕር መካከል የሚኖር ነው፤ ሁለተኛው በክረምት ተወልዶ ውኃው ሲጐድል የሚሞት ነው። በሁለቱም የሚኖር ሰው ልጁን ለማስተማር ያለበት ችግር አንድ ነው፤ እግር በማይደርስበት ስፍራ መምህሩ እንዴት ይደርሳል? መምህሩ ቢደርስስ ምን በልቶ ይቀመጣል?

በዘመናችን ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚሰበሰብ ጉባኤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጋገረው ስለ ድንጋዩ፥ ስለ እንጨቱና ስለ ቆርቆሮው ነው። ዕቅዱ በወረቀት ይነደፋል፥ ወጪው ይገመታል፥ ገንዘቡም ከምእመናን ይለመናል፤ ቤቱም በደስታ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት በሩ ተዘግቶ የሚገኘው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በጣና ባሕር ላይ ጉባኤ የዘረጉት አባቶች ነገሩን የያዙት በሌላው ጫፉ ነበር። ቤታቸው የሣር ጎጆ ነበረና ስለ ቤቱ ብዙ አልተጨነቁም፤ የተጨነቁት ስለ እንጀራው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረውም የእንጀራው ታሪክ ነው።

የዚህ ነገር ጥንታዊ ምሳሌ የሚገኘው ግን በጣና ሳይሆን በአምባሰል ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ከተማሩ በኋላ በ1240 ዓመተ ምሕረት ወደ ሐይቅ ደሴት ገብተው በእስጢፋኖስ ገዳም ጉባኤ ዘረጉ። ገድላቸው የደቀ መዛሙርታቸውን ቍጥር እስከ 800 ያደርሰዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በ1273 ዓመተ ምሕረት ግድም የተጻፈ ሲሆን የራሳቸው ሥዕል በውስጡ ይገኛል፤ ይህም በአገራችን ዘመናቸው ታውቆ ከተገኙት ከጥንቶቹ መጻሕፍት አንዱ ነው። አሁን 800ውን ሰው ትተን ስምንተኛውን እጅ ብቻ ብናስብ እንኳ፥ መቶ ተማሪ በአንዲት ጠባብ ደሴት ላይ ዓሣ እያጠመደ ሊማር አይችልም። ብራናው የበግና የፍየል ቆዳ ነው፤ ቆዳውም ከየብስ መምጣት አለበት። ጤፉና ገብሱም እንደዚሁ ነው።

በ1262 ዓመተ ምሕረት የነገሡት አፄ ይኵኖ አምላክ ለቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱን ሲሶ ሰጡ የሚባለው ትውፊት ከዚህ ዘመን ጋር ይያያዛል። የታሪክ ሊቃውንት ስለዚህ ቃል ኪዳን ብዙ ይከራከራሉ፤ ኋላ የተጻፈ ነው የሚሉም አሉ። ትውፊቱ ቃል በቃል ቢታመንም ባይታመንም አንድ ነገር አይጠፋበትም፤ በዚያ ዘመን ያሉ ሰዎች ትምህርትና መሬት ተለያይተው እንደማይኖሩ አውቀው ነበር። የሐይቅ ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል፤ አስቀድሞ በባሕር ውስጥ ሳለ ግን በእህሉ በኩል ከየብስ ጋር የተያያዘ ነበር።

ከሐይቅ ጉባኤ የወጡት ደቀ መዛሙርት በየአገሩ ተበተኑ። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና መጥተው ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ፤ የገዳማቸውንም ስም ከሐይቁ እስጢፋኖስ ወሰዱ። አቡነ ዘዮሐንስም በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን በክብራን ተቀመጡ። ከእነርሱ አስቀድሞ ጣና ቂርቆስ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቅ ነበር፤ ያሬድ በዚያ እንደ ተቀመጠና ዜማውን እንዳስተማረ የደሴቱ አባቶች ይናገራሉ። በባሕሩ ላይ 37 የሚያህሉ ደሴቶች እንዳሉ ይቈጠራል፤ ከእነርሱም የሚበዙት በአንድ ወይም በሌላ ዘመን ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ነበረባቸው።

ለትምህርት ደሴት ለምን ተመረጠ ቢባል፥ የመጀመሪያው ምክንያት ጸጥታው ነው፤ ሁለተኛውም የመጽሐፍ ደኅንነት ነው። በግራኝ አሕመድ ዘመን የየብሱ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ብዙ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ተሻግሮ ተረፈ። ጎንደር በ1880 ዓመተ ምሕረት በደርቡሽ እጅ ስትቃጠልም ውኃው እንደ ቅጥር ሆኖ የጠበቀው ብዙ ነው። ውኃ ግን ጠላትን ብቻ መርጦ አይከለክልም፤ እህልንም ይከለክላል። የደሴት ትምህርት ቤት ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚሁ ከአንዱ ውኃ ነው።

የቆሎ ተማሪ ኑሮ በየብስ የታወቀ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ለውሻ ይዞ በመንደር ይዞራል፤ በእመቤታችን ስም ይለምናል፥ ባልቴቲቱም ከምጣዷ ላይ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ያገኘውን ይዞ ይመለስና ለመምህሩና ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል። የአገራችን ትምህርት ብዙ መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ቁራሽ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከነገሥታቱ ይልቅ የባልቴቶቹ ስም ሊጻፍ በተገባው ነበር። በዳጋ ግን ባልቴት የለችም። በዳጋና በክብራን ሴት እንዳትገባ ሥርዓት ስላለ መንደር የለም፥ መንደር ከሌለም ልመና የለም። ተማሪው ሊበላ የሚችለው ከገዳሙ ማዕድ ብቻ ነው፤ ማዕዱም ከመጋቢው ጎተራ ነው፤ ጎተራውም ከማዶ ነው። በየብስ ያለ ጉባኤ መሬት ባይኖረው በልመና ሊሰነብት ይችላል። በደሴት ያለ ጉባኤ ግን መሬት ከሌለው በወሩ ይፈታል።

ስለዚህ ገዳማቱ መሬታቸውን ከውኃው ወዲህ፥ በሐይቁ ዙሪያ ባለው አገር ይዘው ኖሩ። መሬቱም ጉልት ይባል ነበር። ጉልት ማለት አፈሩን መውሰድ አልነበረም፤ ርስቱ የገበሬው ሆኖ ገበሬው ለንጉሥ ወይም ለገዢ ይሰጥ የነበረውን ግብር ለገዳሙ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ውሉ የሚጻፈው በተራ ወረቀት አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል፥ ወንጌለ ወርቅ በሚባለው፥ ባዶ በቀረው ገጽ ላይ ነው። የሰጪው ስም፥ የመሬቱ ስም፥ የዕማኞቹ ስምና ማዕርግ በተራ ይጻፋል፤ በመጨረሻም የሚደፍረውን ሰው የሚያስር ግዝት ይከተላል። ይህ ጥበብ ነው። በደብዳቤ የተጻፈ ውል ሊቀደድ፥ በሌላም ሊለወጥ ይችላል፤ ወንጌልን ግን የሚቀድድ እጅ በዚያ ዘመን አይገኝም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የጣናን መጻሕፍት የሚመረምሩ ሊቃውንት ከማቴዎስና ከማርቆስ ጋር አብረው የመንደርና የእርሻ ስም ያነባሉ፤ የትምህርት ቤቱ መዝገበ ገንዘብ ወንጌሉ ነበርና።

የእህሉ መንገድ እንዲህ ነበር። ከመኸር በኋላ የገዳሙ ሹም ወደ ጉልቱ ወርዶ የተወሰነውን ይቀበላል፤ እህሉ በአህያ እስከ ባሕሩ ዳር ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ሥራው የታንኳ ነው። ታንኳውን ከደንገል እያሰሩ የሚሠሩት የወይጦ ነገድ ሰዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። ደንገል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፥ በየጊዜውም ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። ነፋስ በተነሣ ጊዜ ጭነቱ ይርሳል ወይም ይሰምጣል። ስለዚህ የደሴቱ መጋቢ ከየብሱ መጋቢ ይልቅ ጠንቃቃ መሆን ነበረበት፤ ዓመቱን የሚያደርስ እህል ውኃው ጸጥ ባለበት ወራት አሻግሮ በጎተራው ካላስገባ፥ በሐምሌ ተማሪው ጾሙን የሚጾመው ከሥርዓት የተነሣ ብቻ አይሆንም። አበ ምኔቱ ስንት ተማሪ ልቀበል ብሎ ሲያስብ የሚያየው የጎጆውን ስፋት ሳይሆን የጎተራውን ከፍታ ነበር።

በጎንደር ዘመን ይህ ሥርዓት ሰፋ፥ ተወሳሰበም። በቋረኛይቱ በእቴጌ ምንትዋብ እጅ የተሠራችው ናርጋ ሥላሴ የዚህ ምስክር ናት። እቴጌይቱ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ መንግሥት፥ ማለት ከ1723 እስከ 1747 ዓመተ ምሕረት ባለው ዘመን፥ በደቅ ደሴት ምዕራብ ባለችው ትንሽ ምድር ላይ ክብ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በኖራ አሠሩ፤ ቅጥሯንና የበሯን ግንብም አበጁ። በግድግዳዋም ላይ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የድንጋዩና የኖራው ወጪ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን የወጣው አንድ ጊዜ ነው። ካህናቱ፥ ደብተራዎቹና መምህራኑ ግን በየዓመቱ የሚበሉ ናቸው፤ ስለዚህ የሕንፃው ሥራ ከመሬቱ ድልድል ተለይቶ አይታሰብም ነበር።

በዚያ ዘመን ከጉልት ሌላ ሪም የሚባል መሬት በጎንደር ዙሪያ ባለው አገር በዛ። ሪም ለደብሩ አገልጋዮች በስም በስም የሚከፈል መሬት ነው፤ ይህ ለመሪጌታው፥ ይህ ለቀኝ ጌታው፥ ይህ ለቄሱ፥ ይህ ለዲያቆኑ እየተባለ ይደለደላል። መሬቱን የያዘ ሰው አገልግሎቱን ይሰጣል፤ አገልግሎቱን ያስቀረ ሰው መሬቱን ይለቃል። ከዚህ የተሻለ የመምህር ደመወዝ አይገኝም የሚያሰኝ ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ እየዋለ እያደረ ተበላሸ። ሪም ይሸጥ፥ ይለወጥና ይወረስ ጀመር፤ ሽያጩም በመጻሕፍቱ ኅዳግ ተጽፎ ይገኛል። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ መሬቱን እየገዙ ራሳቸው ያልተማሩትን ዜማ እንዲያዜምላቸው ድኃ ደብተራ በትንሽ ነገር ይቀጥሩ ነበር። የመሬቱ ፍሬ ወደ አዳራሽ ሲገባ፥ ማሕሌቱ ግን በቅጥረኛ ጉሮሮ ይቆም ነበር። ወንበሩን ዘርግቶ የሚያስተምረው መምህር ከሁሉ ያነሰውን ሲበላ ኖረ።

ሌላም ሊሸሸግ የማይገባው ነገር አለ። የጉልቱን ግብር የሚከፍለው የባሕሩ ዳር ገበሬ ልጁ ዳዊት ሳይደግም ይቀር ነበር። ሌላው ሰው በዳጋ ጎጆ ተቀምጦ ድጓ እንዲዘልቅ የርሱ ልጅ ከከብት ኋላ ይውላል። ከእርሱ እህል የተማረው ሊቅ ተመልሶ ወደ እርሱ መንደር የመጣበት ጊዜ አለ፤ ያልመጣበትም ይበልጣል። አባቶች የእንጀራውን መንገድ በሚገባ አቀኑት፤ የፍሬውን መመለሻ መንገድ ግን እንደዚያው አላቀኑትም።

በዚህ ነገር ላይ ክርክር ያነሡት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ደብረ ታቦርን ከተማ አድርገው በተቀመጡበት ዘመን ከካህናቱ ጋር ስለ መሬት ተጣሉ፤ በ1852 ዓመተ ምሕረትም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው ለእነዚህ የሚሆን መሬት ትተው የቀረውን ግብር ለሚከፍል ገበሬ ሰጡ። ንጉሡ የቈጠሩት የሚቀድሰውን ነው፤ ለቅዳሴ አምስት ሰው እንደሚበቃ እውነት ነው። የሚያስተምረውንና የሚማረውን ግን አልቈጠሩም። ቅዳሴው ሳይስተጓጐል ጉባኤው ሊፈታ እንደሚችል በዚያ ጊዜ ታየ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ነገሥታት ብዙውን መሬት መለሱ፤ ደሴቶቹም እንደ ቀድሞው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘለቁ።

የፍሬው መመለሻ መንገድ ከቀናባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ለፎገራ ሰው የቅርብ ነው። አለቃ ገብረ ሐና የናበጋ ጊዮርጊስ አገር ሰው ነበሩ። በቀልዳቸው ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ ይህም አንድ ጉዳት ነው፥ ቀልዱ ሊቅነቱን ሸፍኖታልና። የጎንደር በአታ አለቃ ነበሩ፤ መጽሐፍና አቋቋምም አስተማሩ። በአባቶች እንደሚነገረው በጣና ላይ ባለችው በሬማ መድኃኔ ዓለም በተቀመጡበት ጊዜ ውኃው ማዕበሉን ሲያመላልስ፥ በዳሩም ያለው ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው ከዚያ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጁም አስፋፋው፥ ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ ደብረ ታቦር የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ ናት። በማሕሌት ጊዜ መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲል የሚያይ ሰው የጣናን ውኃ ያያል ማለት ነው። የባሕሩ ዳር ልጅ ወደ ደሴት ገብቶ በደሴት የተገኘው ትምህርት ወደ የብስ ወጣ፤ ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሊቅ የሚቀመጥባትና የሚበላባት ገዳም በባሕሩ መካከል ስለ ነበረች ነው።

ሁሉም ደሴትና የባሕር ዳር በጉልት ብቻ አልኖረም። ዘጌ ሌላ መንገድ ያዘች። በዚያ ያሉ ገዳማት በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት በሬ አይጠመድም፥ መሬቱም አይታረስም ብለው ከጥንት ይዘውታል። እህል ካልተዘራ ምን ይበላሉ ቢሉ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና፥ ጌሾውንና ሎሚውን እየሸጡ እህል ይገዛሉ። ቡናው በታንኳ ወጥቶ እህሉ በታንኳ ይገባል። ይህ ለትምህርት ቤት መተዳደሪያ የሚሆን ሁለተኛ ምሳሌ ነው፤ በሌላ ሰው ግብር ላይ ሳይቆም በራስ ሥራ ላይ የቆመ ነውና፥ ነገሥታት ሲለዋወጡ ብዙ አላናወጠውም። በጫካው ጥቅም ሳቢያ ጫካው ራሱ ተጠብቆ መኖሩም ሌላ ትርፍ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሁለት አዋጆች ነገሩን ለወጡ። በኅዳር 1935 ዓመተ ምሕረት የወጣው ደንብ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ግብር ወደ ቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት እንዲሰበሰብ አደረገ። በ1940 ዓመተ ምሕረት ደግሞ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ይኸውም ባለመሬቱ ከመሬቱ ግብር ጋር ለየአውራጃው ትምህርት ቤት የሚሆን ገንዘብ እንዲከፍል የሚያዝ ነው። ልብ ላለው ሰው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። እህሉ በገንዘብ፥ መጋቢው በመንግሥት ጸሓፊ ተተካ እንጂ መሬት ትምህርትን ይመግብ የሚለው የጥንቱ ሐሳብ ነው። የአስኳላ ትምህርት ቤት ግን ከመንገድ ዳር ጀመረ። ግብሩን ሁሉም ከፈለ፤ ደሴቱና ረግረጉ ቆይቶ ደረሰው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ በደቅ ያርፍ ነበር፤ መምህሩ ግን እንደ መርከቡ ዕቃውን አራግፎ የሚመለስ ሰው አይደለም፤ የሚቀመጥበት ሊኖረው ያስፈልጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆኖ ታወጀ። ለገበሬው አዋጁ ነጻነት ነበር፤ ጭሰኝነት ቀረ፥ ለማረስም እስከ 10 ሄክታር ተፈቀደለት። ይህን የሚክድ የገበሬን ኑሮ የማያውቅ ሰው ነው። በደሴቶቹ ግን በዚያው ቀን የወንጌሉ ኅዳግ ንባብ ብቻ ሆኖ ቀረ። በሌላው ዓመት ከማዶ የመጣ ታንኳ እህል አልጫነም። አንዳንዱ ገዳም በእጁ በቀረችው መሬት መነኮሳቱ ራሳቸው እያረሱ ቆየ፤ ብዙ መምህር ወንበሩን አጥፎ ወደ ከተማ ደብር ሄደ፤ ተማሪውም ተከተለው። ቤት አልፈረሰም፥ መጽሐፍም አልተወሰደም፥ መምህርም አልተከለከለም፤ የተቋረጠው እህሉ ብቻ ነው፥ እርሱም በቃ። ለገበሬው የተመለሰለትን ፍትሕ ሳያፈርስ የተማሪውን እንጀራ ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ መልስ አላገኘም።

ያ መንግሥት ራሱ በ1971 ዓመተ ምሕረት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያስነሣ ፊደልን ወደ ሩቅ ገጠር አደረሰ፤ በዓለም ፊትም ሽልማት አገኘበት። ከዚያም በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በደቅም በባሕሩ ዳር ቀበሌዎችም ተስፋፉ። የአብነት ትምህርት ግን እንደ ፊደል በወራት የሚያልቅ አይደለም። ዜማ፥ ቅኔ፥ አቋቋምና መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ዓመታትን ይፈልጋሉ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ተማሪው መብላት አለበት። በ1984 ዓመተ ምሕረት የተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳንና ሌሎችም ምእመናን ለገዳማትና ለአብነት ትምህርት ቤቶች ማደሪያ ሲሠሩ፥ ለመምህራንም ድጎማ ሲሰጡ ቆይተዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከሩቅ ከተማ በሰው ልግስና የሚመጣ ገንዘብ የሰጪው ኑሮ ሲከብድ ይቀንሳል፤ ጉልቱ ከነነውሩ በየመኸሩ ይመጣ ነበር።

አሁን ስለ ሒሳቡ ጥቂት ነገር ይነገር፤ የሰበካ ጉባኤ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁት ይህን ነውና። ለተቸገረ ሰው እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ እህል ብለው ይቈጥራሉ። በዚህ ልክ 20 ተማሪ በወር 3 ኩንታል፥ በዓመት 36 ኩንታል ይበላል። ቁጥሩ ሲሰማ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ፎገራ ግን የጥንቱ ፎገራ አይደለም። ለከብቱና ለወተቱ ብቻ ይታወቅ የነበረው ረግረግ በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ከተዘራበት ወዲህ የአገሪቱ የሩዝ ጎተራ ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውም ዘር ስሙን ከዚያው ቀበሌ አግኝቷል። በወረታም የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቁሟል። ክረምት ሲመጣ ሰውን የሚያፈናቅለው ያው ውኃ ሩዙን ያበቅላል።

በደኅና ዓመት ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ያህል ያልተፈተገ ሩዝ ይገኛል ብንል፥ ሲፈተግ ሲሶው ይጐድላልና 20 ኩንታል ይቀራል። እንግዲህ ለ20 ተማሪ ሁለት ሄክታር የማይሞላ ማሳ ይበቃል፤ ገበሬው በእኩል አርሶ ድርሻውን ቢወስድም አራት ሄክታር አይሞላም። በ1987 ዓመተ ምሕረቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ ነገሩ በግዢ አይሆንም። ደብሩ በእጁ ያለውን ይዞታ ለዚህ ቢለይ፥ ወይም ምእመናኑ በፈቃዳቸው ከየማሳቸው አንዲት ጥማድ ለጉባኤው ብለው ቢያርሱ ግን ሊሆን ይችላል። ይህም ጉልት አይደለም፤ ከሰጪው ልጅ አፍ ተነጥቆ የሚወሰድ ሳይሆን የሰጪው ልጅ ራሱ የሚማርበት ነውና። ማሳው ከተገኘ በኋላ ደግሞ የመምህሩ ልብስ፥ የመብራቱ ዘይትና የመጽሐፉ ወጪ ይቀራል፤ ይህን በስእለትና በሙዳየ ምጽዋት መሸፈን ለአንድ ደብር አያቅተውም።

በባሕሩ በኩል አዲስ እንቅፋት መጥቷል። ከ2004 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ ዳር፥ በፎገራም ጭምር፥ ተንጣሎ ውኃውን ሸፈነው። ታንኳ በደንገል መካከል ትሄዳለች፥ በእምቦጭ መካከል ግን አትሄድም፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን የሚጥልበት አጣ። የባሕሩ ዳር ሰዎች በየዓመቱ ወርደው በእጃቸው ሲነቅሉት ቆይተዋል። ሩዙ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ረግረጉ ደርቆ መንገዱ ይከፈታል፥ ነፋሱም ገና አልበረታም፤ የጥንቱ መጋቢ ወደ ማዶ ወርዶ ጭነቱን የሚያሻግርበት ወራት ይህ ነበር።